የራስቤሪ ፓይን ፋን በሙቀት ልክ ራሱ እንዲበራና ራሱ እንዲጠፋ ማድረግ

ኮምቦልቻ፣ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ጥግ ላይ ራስቤሪ ፓይ 4 የምትባል፣ መዳፍ የምታክል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ኢንተርኔት በማይኖርበት ሰዓት ተማሪዎች በስልካቸው ዋይፋይዋን ይዘው ዊኪፔዲያ ያነቡባታል። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ተጭኖባታል። የምንከባከባት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ስተክላት ፋኑን ቀጥታ 5 ቮልት ላይ ሰካሁት። ቀን ከሌት ይዞራል። ሁለት ወር ሳይሞላ አቧራ በላና ማጓራት ጀመረ። ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሰው ያነባል። ድምፁ ያስቸገረው አንድ ሰው ሽቦውን ነቀለው። አልፈረድኩበትም። ከዚያ ግንቦት መጣ። ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃ ትፈጅ ጀመር። ልጆቹም ትንሽ ይጠብቁና ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ። ሄጄ ስለካት 82 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነበረች።

ያኔ የገባኝን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። ሁልጊዜ የሚዞር ፋንም ሆነ ጭራሽ የሌለ ፋን አይሆንም። የሚያስፈልገው ሲሞቅ ተነስቶ ሲበርድ የሚያርፍ ፋን ነው። ለዚያ ደግሞ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ የሚበራበትና የሚጠፋበት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስተካክልና ሁለተኛውን ይረሳዋል። ሁለቱንም ቁጥሮች የሚሰጣችሁ ደግሞ የራሳችሁ ክፍል ነው። የሌላ አገር ሰው የጻፈውን ቁጥር መገልበጥ ብዙም አይጠቅምም።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፈው በአነባበባቸው ነው። ኪቦርድ ላይ ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው የምትጽፏቸው።

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ለኩ

ራስቤሪ ፓይ 4 ሲሞቅ ራሱን ይጠብቃል። 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፤ 85 ላይ ደግሞ በደንብ ይጨክናል። ስለዚህ ይቃጠላል ብላችሁ አትስጉ። ችግሩ መዝገሙ ነው።

ግን የዘገመ ሁሉ ሞቆ አይደለም። እኛ ጋ በብዛት የማየው ሌላ ምክንያት ቻርጀር ነው። ከገበያ የተገዛ የስልክ ቻርጀርና ቀጭን ገመድ ሲሆን ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ፓይዋም በተመሳሳይ መንገድ ፍጥነት ትቀንሳለች። ሰው ፋን ይገዛል፣ ምንም አይለወጥም። ይህን ለመለየት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና «ቪ ሲ ጂ ኢ ኤን ሲ ኤም ዲ» የሚሉትን ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ። ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ «ጌት»፣ የታች ሰረዝ፣ «ትሮትልድ»። መልሱ ከዜሮና ከኤክስ ቀጥሎ ዜሮ ብቻ ከሆነ ሰላም ነው። አምስት አኃዝ ሆኖ በ5 ከጀመረ፣ ለምሳሌ 50000 ካለ፣ ካበራችኋት ወዲህ ኃይል አንሷት ያውቃል ማለት ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ቀይሩ። በ8 ወይም በ«ኢ» ፊደል ከጀመረ ግን ሙቀት ነው። እንቀጥል።

ሙቀቱን ለማየት በዚያው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ «ሜዠር»፣ የታች ሰረዝ፣ «ቴምፕ» ብላችሁ ጻፉ። ከፊቱ «ዋች» ከጨመራችሁ በየሁለት ሴኮንዱ ራሱ ያድሰዋል። አሁን ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ።

የመጀመሪያው ፋኑ ተነቅሎ፣ ፓይዋ ምንም ሥራ ሳይኖራት፣ ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ የምታነቡት ነው። ሁለተኛው ፋኑ እንደተነቀለ በሥራ ስታጨናንቋት ነው። «ስትረስ-ኤንጂ» የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና አራቱንም ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) ለሩብ ሰዓት በሥራ አስሩ። ሦስተኛው ፋኑን ቀጥታ 5 ቮልትና ግራውንድ ላይ (ፒን 4 እና ፒን 6፤ አቆጣጠሩ ከታች «ማገናኘት» በሚለው አለ) ሰክታችሁ፣ እንደገና ያለ ሥራ፣ ሙቀቱ የሚረጋበት ቁጥር ነው።

በእኔ ፓይ በግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወጡት 58፣ 82 እና 45 ናቸው። ሰዓቱ ልዩነት አለው። ጠዋት በቀዝቃዛው ለክታችሁ ከወሰናችሁ ከሰዓት ያሳፍራችኋል።

ሁለቱን ቁጥሮች መምረጥ

የሚጠፋበት ቁጥር ከሦስተኛው በላይ መሆን አለበት። ለምን? ፋኑ በሙሉ ጉልበቱ እየዞረ እንኳ ከ45 በታች ካልወረደ፣ «40 ሲደርስ ጥፋ» ብትሉት ዕድሜ ልኩን አይጠፋም። ስድስት ሰባት ዲግሪ ጨምሩበት። እኔ 52 አልኩ።

የሚበራበት ቁጥር ደግሞ ከመጀመሪያው በላይ ይሁን። ፓይዋ ሥራ ፈታ 58 ላይ የምትቀመጥ ከሆነ፣ 55 ላይ ብታስነሱት ማንም በሌለበት ሌሊት ሁሉ ሲበራ ሲጠፋ ያድራል። እኔ 65 መረጥኩ። ከ80ው ብዙ ይርቃል፤ ድንገት ሠላሳ ልጆች በአንዴ ቢገቡባትም ፋኑ ለመድረስ ጊዜ አለው።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የዚህ ሥራ ልብ ነው። ፋኑ 65 ላይ በርቶ 64 ላይ ቢጠፋ፣ ወዲያው መልሶ 65 ይሆናል፣ ወዲያው ይበራል። በየጥቂት ሴኮንዱ ቱር እያለ ይቆማል። ከማያቋርጥ ድምፅ ይልቅ ይህ ነው ሰው የሚያስለቅሰው፤ ሞተሩንም ቶሎ ይጨርሰዋል። ቢያንስ አሥር ዲግሪ ልዩነት አድርጉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ 5 ቮልት ትንሽ ፋን። ከአሮጌ ዴስክቶፕ የወጣው ትልቁ ፋን ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ላይ ወይ ይጎተታል ወይ ጨርሶ አይነሳም። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ቮልቱም አምፔሩም እዚያ አለ።

አንድ ኤንፒኤን ትራንዚስተር፤ 2ኤን2222 ወይም ኤስ8050። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤቶች ከሞቱ ቦርዶች ነቅለው ያስቀምጣሉ፣ ጠይቁ። ቢሲ547 ከሰጧችሁ ይቅር በሉ፤ እሱ የሚችለው 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፣ ፋኑ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ 470 ኦም ሬዚስተር፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ዳዮድ (1ኤን4007 ይበቃል) እና ጃምፐር ሽቦዎች።

ትራንዚስተሩ ለምን አስፈለገ? ፋኑን ቀጥታ የመቆጣጠሪያ ፒን ላይ መሰካት አይቻልም። አንድ ፒን ከ16 ሚሊአምፔር በላይ እንዲሰጥ አልተሠራም፤ ቮልቴጁም 3.3 ነው። ትንሽ ፋን ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፔር ይጠይቃል። ቀጥታ ከሰካችሁት ፒኑን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቦርዱን ታጣላችሁ። ትራንዚስተሩ በር ነው። ፒኑ በሩን ይከፍታል፣ ኃይሉ ግን ከ5 ቮልቱ ይመጣል።

ለራስቤሪ ፓይ 4 ኬዝ የሚሸጠውን ባለ ሦስት ሽቦ ፋን የገዛችሁ ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ። መቆጣጠሪያው ውስጡ አለ። ቀዩ ፒን 4፣ ጥቁሩ ፒን 6፣ ሰማያዊው ፒን 8 ላይ ይገባና (የፒኖቹ አቆጣጠር ከታች «ማገናኘት» በሚለው አለ) ወደ ሶፍትዌሩ ትዘላላችሁ።

ማገናኘት

ፓይዋን አጥፉ፣ ቻርጀሩንም ከግድግዳ ንቀሉ። ከእነ ኃይሉ አትንኩ። የ5 ቮልቱ ፒን ከጎረቤቱ ጋር ሾርት ካደረገ ይቅርታ የለውም።

ሁለቱ ረድፍ ፒኖች በቀኝ በኩል ሆነው ቦርዱን ከላይ እዩት። የዩኤስቢ ሶኬቶቹ ወደ ታች ይዙሩ። የውጭው ረድፍ ከላይ ወደ ታች 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያለ ይወርዳል። 4 ቁጥር 5 ቮልት ነው፣ 6 ግራውንድ፣ 8 ደግሞ ጂፒአይኦ 14 የሚባለው መቆጣጠሪያ። ሦስቱም ተከታትለው መምጣታቸው ጥሩ ነው። የፒኑ ተራ ቁጥርና የጂፒአይኦ ቁጥር እንደሚለያዩ ግን ልብ በሉ፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ትራንዚስተሩ። ሦስት እግር አለው፤ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ጠፍጣፋውን ፊት ወደራሳችሁ አዙሩት፣ እግሮቹ ወደ ታች ይሁኑ። ፒኤን2222 (የ2ኤን2222 ፕላስቲኩ) እና ኤስ8050 ከሆነ ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ፒ2ኤን2222 ተብሎ ከተጻፈበት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። በአንዲት ቁጥር ልዩነት ብዙ ሰው ቀኑን ይጨርሳል። እኔ ደሴ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ያጠፋሁት በዚህ ነው።

አብሽሩ፣ በቴስተር ይለያል። ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርጉት። ቀዩን መንካሻ መሀለኛው እግር ላይ አሳርፉና ጥቁሩን በተራ ሁለቱ ዳር እግሮች ላይ ንኩ። ሁለቱም ላይ 0.6 እና 0.7 መካከል ካነበበ መሀለኛው ቤዝ ነው፣ ትራንዚስተሩም ደህና ነው። ቁጥሩ በጥቂቱ ከፍ ያለበት እግር ኤሚተሩ ነው። ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ በሦስተኛው አኃዝ ሊሆን ስለሚችል ተረጋግታችሁ አንብቡ።

ከዚያ እንዲህ አያይዙ። የፋኑ ቀይ ወደ ፒን 4። የፋኑ ጥቁር ወደ ኮሌክተር። ኤሚተር ወደ ፒን 6። ቤዝ በ470 ኦሙ ሬዚስተር በኩል ወደ ፒን 8። 10 ኪሎ ኦሙን በቤዝና በኤሚተር መካከል አድርጉ፤ ፓይዋ ተነስታ እስክትረጋ ፋኑ እንዳይወላውል ይይዘዋል። ዳዮዱ በፋኑ ሁለት ሽቦዎች መካከል ይግባ፣ ነጩ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ቀዩ። ሞተር ሲቆም የሚረጨውን ቮልቴጅ ዳዮዱ ይውጠዋል። ከገለበጣችሁት ግን ፋኑ ሲበራ 5 ቮልቱን በትራንዚስተሩ በኩል ሾርት ያደርገዋል። ሁለቴ እዩት።

መጀመሪያ ብሬድቦርድ (ያለ ሶልደር ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ሞክሩት፣ ሲሠራ በሶልደር አጽኑት። የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ይገፋል፣ ይነቀነቃል። ልቅ ሽቦ አይቆይበትም።

ስለ ፋኑ አቀማመጥም አንድ ቃል። ነፋሱ የሚወጣው ወረቀቱ በተለጠፈበት ጎን ነው። ያ ጎን ወደ ቺፑና ወደ ሂትሲንኩ (ቺፑ ላይ ወደሚለጠፈው ሙቀት አውጪ ብረት) ይዙር። የምትጠራጠሩ ከሆነ ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ዕጣን አቅርቡት፤ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳም ኬዙ ላይ መኖር አለበት። ካልሆነ ያንኑ ሙቅ አየር ነው ፋኑ የሚያማስለው።

ለሲስተሙ መንገር

ፓይዋን አብሩና ተርሚናል ላይ «ሱዶ ራስፒ-ኮንፊግ» ጻፉ። በሚመጣው ሜኑ «ፐርፎርማንስ ኦፕሽንስ» ግቡ፣ ከዚያ «ፋን»። ይከፈት ወይ ሲል አዎ በሉ። የጂፒአይኦ ቁጥር ሲጠይቅ 14። ሙቀት ሲጠይቅ 65። ሪስታርት አድርጉ። በቃ፣ ሠራ።

ግን ይህ ሜኑ ሁለተኛውን ቁጥር አይጠይቃችሁም። ራሱ አሥር ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ያጠፋዋል፤ 65 ካላችሁ 55 ላይ። ለብዙ ሰው ይበቃል። ከ60 በታች ማስነሳት የሚፈልግ ወይም ልዩነቱን ራሱ መወሰን የሚፈልግ ግን ፋይሉን መክፈት አለበት። «ቡት» ውስጥ «ፈርምዌር» የሚባል ፎልደር አለ፤ እዚያ «ኮንፊግ ነጥብ ቲኤክስቲ» የሚለውን ናኖ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱ። በድሮው ሲስተም ፋይሉ ቀጥታ «ቡት» ውስጥ ነው።

ሜኑው የጻፋትን መስመር ታገኛላችሁ። «ዲቲኦቨርሌይ» ብላ ትጀምራለች፣ እኩል ይሆናል ምልክት፣ «ጂፒአይኦ-ፋን»፣ ከዚያ ኮማ፣ «ጂፒአይኦፒን» እኩል 14፣ ኮማ፣ «ቴምፕ» እኩል 65000። ሙቀቱ በሺህ ተባዝቶ ነው የሚጻፈው። መጨረሻዋ ላይ ኮማ ጨምሩና «ኤች ዋይ ኤስ ቲ» የሚሉትን አራት ፊደላት አያይዛችሁ፣ እኩል 13000 ጻፉ። ከ65 ላይ 13 ሲቀነስ 52። በመስመሯ ውስጥ ክፍተት አታስገቡ። አስቀምጡ፣ ሪስታርት።

ይህን መንገድ የምወደው ፋኑን የሚያዘው ራሱ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ስለሆነ ነው። የሚዘጋ ፕሮግራም የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል። መብራት በቀን ሦስቴ በሚሄድበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጂፒአይኦ 14 የሲሪያል መስመርም (ፓይዋ ከሌላ ዕቃ ጋር መረጃ የምትለዋወጥበት) መሆኑን እወቁ። የጂፒኤስ ሞጁል ወይም የሲሪያል ኮንሶል የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ፋኑም ይንዘፈዘፋል። ያኔ ፒን 12 ላይ ያለውን ጂፒአይኦ 18 ያዙና ቁጥሩን ቀይሩ።

ራሴ ኮድ ልጻፍ ለምትሉ

በፓይተንና «ጂፒአይኦ ዜሮ» በተባለው ላይብረሪ ቀላል ነው። በየአምስት ሴኮንዱ ሙቀቱን ያንብብ። 65 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያብራ። 52 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ያጥፋ። በመካከል ከሆነ ምንም አያድርግ፤ የበራው እንደበራ፣ የጠፋው እንደጠፋ ይቆይ። ስህተቱ ሁልጊዜ እዚህ ነው። ሰው «65 ከሆነ አብራ፣ አለዚያ አጥፋ» ብሎ ይጽፍና ያ ቱር ቱር ተመልሶ ይመጣል።

ፕሮግራሙን የሲስተምዲ ሰርቪስ (ፓይዋ ስትነሳ አብሮ የሚነሳ) አድርጉት፣ «ሪስታርት» የሚለውን «ኦልዌይስ» በሉት። ሙቀቱን ማንበብ ካቃተው ፋኑን አብርቶ ይተወው። ከላይ ያለችውን የኮንፊግ መስመር ደግሞ አውጧት፤ አንድ ፒን ለሁለት ጌታ አይታዘዝም፣ ፒኑ ተይዟል ብሎ ይመልሳችኋል።

ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ባለ ሁለት ሽቦ ርካሽ ፋን ላይ ግን አልመክርም። በዝቅተኛ ፍጥነት ይጮኻል፣ አንዳንዴም ሳይነሳ ይቀራል።

ራስቤሪ ፓይ 5 ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ባለ አራት ፒን የፋን ሶኬት ቦርዱ ላይ አለ። ስትሰኩት ራሱ 50 ዲግሪ ላይ በ30 በመቶ ይነሳል፣ 60 ላይ 50 በመቶ፣ 67.5 ላይ 70 በመቶ፣ 75 ላይ ሙሉ ይሆናል። ሲወርድም አምስት ዲግሪ እየዘገየ ነው። ትራንዚስተር የለ፣ ኮድ የለ። ኦሬንጅ ፓይና ሌሎች ቦርዶች ላይ ግን የፒኖቹ ቁጥር ይለያል፤ የቦርዳችሁን ሥዕል ሳታዩ አትሰኩ።

መፈተሽ

ያቺን ስትረስ-ኤንጂ እንደገና አስነሱና ሙቀቱን እያያችሁ ተቀመጡ። 63፣ 64፣ 65፣ ከዚያ ድምፁን ትሰማላችሁ። ቁጥሩ መውጣቱን ሲያቆም ታያላችሁ። ሥራውን አቁሙ፣ 52 ሲደርስ ጸጥ ይላል። ጭራሽ ካልተነሳ ኮሌክተርና ኤሚተር ተገላብጠው ይሆናል። ሁሌ የሚዞር ከሆነ ጥቁሩ ሽቦ ቀጥታ ግራውንድ ነክቷል፣ ወይም የሚጠፋበት ቁጥር ከክፍላችሁ አቅም በታች ነው።

ፓይዋን ከቦታ ቦታ ካዘዋወራችሁ እንደገና ለኩ። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሁሉም ነገር የሚቀል ይመስላል፤ ክፍሉ በርግጥ ይቀዘቅዛል። ግን አየሩ ሳስቷል፣ ከባህር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል። ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ጥሩ ሂትሲንክ ከፋኑ በፊት ይምጣ የምለው ለዚህ ነው። ወደ ባቲና ከሚሴ ስትወርዱ ደግሞ ክፍሉ ራሱ ትኩስ ስለሆነ ሦስቱም ቁጥሮች ከፍ ይላሉ።

አቧራውን አትርሱ። ቡና በሚፈላበት ክፍል የዕጣን ጭስ ክንፉ ላይ ቅባት ነገር ይተዋል፣ አቧራው እዚያ ላይ ይጋገራል። በየሁለት ወሩ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉት። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር ካስነፋችሁ ክንፉን በጣት ያዙት። በነፋሱ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

በመጨረሻ ቁጥሮቹን በነጭ ፕላስተር ላይ ጻፉና ኬዙ ላይ ለጥፉ። እናንተ በሌላችሁበት ቀን ሌላ ሰው ይከፍተዋል። የእኛዋ ላይ የተጻፈው «ሲበራ 65፣ ሲጠፋ 52፣ በግንቦት ተለክቶ። ሽቦውን አትንቀሉ፣ ራሱ ይቆማል» የሚል ነው።